ከፍራሽ ሥር የተገኘው ደብዳቤ

 

ከጥቂት ወራት በፊት፣ ከመግሪብ ሰላት በኋላ፣ እዚሁ ሐዋሳ አቶቴ ካለ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ በገበያው ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ በመነገድ የሚታወቁ አንድ ሐጂ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ሰላምታ ተለዋወጥን። ሻይ ቀረበላቸው፤ አልቀመሱትም። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጡና ‹‹መምህር፣ እስቲ ይህቺን አንብብልኝ። እኔ ያነበብኩት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኔ እምቢ አለኝ›› አሉኝ። ያነበቡት መስመር ልጃቸው ለአንድ ዓመት ከትምህርት መታገዱን የሚናገረው ነበር።

ልጁ በከተማችን ካሉት ኮሌጆች በአንዱ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። የኮሌጁንም የልጁንም ስም እተወዋለሁ። በፈተና ክፍል ውስጥ ከወንበሩ ሥር አጤሬራ ተገኘ ተባለ፤ ኮሚቴ ጠራው፤ ወሰነበት። ልጁም ደብዳቤውን ተቀብሎ ለማንም ሳይናገር ከፍራሹ ሥር ሸሸገው። ስድስት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ደብተሩን ይዞ ‹‹ክላስ አለኝ›› እያለ ከቤት ይወጣል፤ ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ይውላል፤ ማታ ይመለሳል። በሰባተኛው ቀን እናቱ አንሶላ ስትቀይር ወረቀቱን አገኘችው።

‹‹ታዲያ ሐጂ፣ ምን አስበዋል?›› አልኳቸው።

‹‹ሽማግሌ መርጫለሁ። አራት ሰው፤ ሁሉም የተከበሩ ናቸው። ዲኑም የሰው ልጅ ነው፣ ይሰማናል። ለአክብሮት ያህልም አንድ በግ ወደ ቤቱ እልካለሁ።››

ስለ በጉ ወዲያውኑ ነገርኳቸው። እርስዎ አክብሮት ይሉታል፤ የሚያየው ሰው ጉቦ ይለዋል፤ በዲናችንም ስሙ ሪሽዋ ነው፤ ልጁንም ያለ ጥፋቱ ጥፋተኛ ያስመስለዋል አልኳቸው። ስለ ሽማግሌዎቹ ግን ከመናገሬ በፊት ከደብዳቤው ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አሳየኋቸው። ውሳኔው በደረሰው በአሥር ቀን ውስጥ ይግባኝ ያላቀረበ እንደሆነ ውሳኔው የጸና ይሆናል ይላል። ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ከአሥሩ ቀን የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ከሦስቱም ሁለቱ ቅዳሜና እሑድ። ሽማግሌ ለምኖ፣ ቀጠሮ ተይዞ፣ ዲኑ እስኪመቸው ድረስ በሩ ተዘግቶ ያድራል።

እኔ በማስተማር ዘመኔ በአንድ ኮሌጅ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል ሆኜ ጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁና ነገሩን ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ አይቼዋለሁ። ወላጆች ሲመጡ የሚይዙት ዕንባ፣ ሽማግሌና ምልጃ ነው። ወረቀት ይዞ የሚመጣ ግን ብዙ አላየሁም። ኮሚቴው ደግሞ የሚሠራው በወረቀት ነው። የዚህን ወር አምዳችንን ለዚህ ጉዳይ የሰጠሁት ስለዚህ ነው።

የትኛው በር?

ሐዋሳ የተማሪ ከተማ ናት። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተከፈተው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና ከዲላው ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስም ያዘ። ከእርሱ ሌላ የመምህራን ትምህርት ኮሌጁ፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጁ፣ ፖሊቴክኒኩ፣ ብዙ የግል ኮሌጆችም አሉ። ይህን የምቆጥረው ከተማዋን ለማወደስ አይደለም። ልጅህ የገባበት በር የትኛው እንደሆነ ካላወቅህ አቤቱታህን የት እንደምታደርስ አታውቅም፤ ለዚህ ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ከላይ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 አለ፤ ይህ አዋጅ የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 650/2001 የተካ ነው። ከአዋጁ ሥር ዩኒቨርሲቲው በራሱ ሴኔት ያወጣው ሕግ፣ ተማሪዎች ‹‹ሌጂስሌሽን›› የሚሉት፣ ከዚያም የተማሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ ይገኛል። ጥፋቱን፣ ቅጣቱን፣ የኮሚቴውን አባላትና የይግባኙን ቀን የሚነግረን ይኸው ደንብ ነው። በክልሉ መንግሥት ሥር ያሉት ኮሌጆች የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ሐዋሳን ጨምሮ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ከሆነ ወዲህ የበላይ አካላቸው የሲዳማ ክልል ነው። የግል ኮሌጁም ደንብ አለው፤ የሚቆጣጠረውም የፌዴራሉ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው።

እስቲ እንጠያየቅ፤ ከእኛ መካከል ልጁን ኮሌጅ ሲያስገባ ይህን ደንብ ያነበበ ስንት አለ? በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው ስለ ሥነ ምግባር ውል እንዲፈርሙ ተደርጎ ነበር። ፈርመናል። ጎረቤቴ ለሁለት ልጆቹ ፈርሞ ምን እንደሚል ስጠይቀው ‹‹ጥሩ ነገር ነው የሚለው›› አለኝ። ጥሩ ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ሱቅ ሲከራይ የውሉን እያንዳንዱን መስመር በጠበቃ የሚያስመረምር ሰው ነው።

ነገሩ ከወዴት ይጀምራል?

ክስ የሚነሣበት መንገድ በአብዛኛው ሁለት ነው። አንደኛው የትምህርት ጥፋት ነው፤ ኩረጃ፣ ለሌላ ሰው መፈተን፣ የሌላውን ሥራ የራስ አድርጎ ማቅረብ። ይህ ከፈታኙ መምህር ሪፖርት ይነሣና ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ከዚያም ወደ አካዳሚክ ኮሚሽኑ ይሄዳል፤ ፈተናው ይሰረዛል ወይም ‹‹ኤፍ›› ይሰጣል፤ ከበደ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይመራል። ሁለተኛው የጠባይ ጥፋት ነው፤ ድብድብ፣ ስርቆት፣ ንብረት ማበላሸት፣ መጠጥና ዕፅ፣ ስለት ይዞ መገኘት፣ በብሔር ወይም በሃይማኖት መሳደብ፣ ሴት ተማሪን መተንኮስ። ይህ ከፕሮክተሩ ወይም ከግቢው ጥበቃ ተነሥቶ ወደ ተማሪዎች አገልግሎት ዲን ይመጣል።

ጉዳዩ ወንጀልም ከሆነ ፖሊስ በራሱ መንገድ ይይዘዋል። ብዙ ወላጅ ‹‹ፖሊስ ለቆታል፣ ኮሌጁ ለምን ይቀጣዋል?›› ይላል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ፍርድ ቤት የሚያስረው ጥፋቱ ያለ ጥርጥር ሲረጋገጥ ነው፤ ኮሚቴው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመዝነው ከሁለቱ ወገን የማን ነገር ይበልጥ ያሳምናል ብሎ ነው። ስለዚህ በአንዱ ነፃ የወጣ በሌላው ሊቀጣ ይችላል። ቅር ቢያሰኝም አሠራሩ እንዲህ ነው።

ኮሚቴው በአብዛኛው ከመምህራን፣ ከተማሪዎች አገልግሎትና ከተማሪዎች ኅብረት በተወከሉ ሰዎች ይቋቋማል። ሪፖርቱን ያያል፤ ተማሪውን በደብዳቤ ይጠራል፤ የተከሰሰበትን ነገር ነግሮ ቃሉን ይቀበላል፤ ምስክር ይሰማል፤ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ ከበላዩ ያለው ኃላፊ ያጸድቃል። በወረቀት ላይ እንዲህ ያምራል። በእውኑ ግን መምህራኑ ከክፍል ወጥተው፣ ፈተና ማረም እየጠበቃቸው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ አምስትና ስድስት ጉዳይ ያያሉ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ቸኩለው ነው። የቸኮለ ኮሚቴ ደግሞ ፊቱ የተቀመጠለትን ወረቀት ያምናል። የመምህሩ ሪፖርት ተጽፏል፤ የተማሪው ቃል ግን በአፍ ነው፤ ለዚያውም እየተንቀጠቀጠ የተነገረ።

የሐጂ ልጅም እንዲሁ ሆነ። ‹‹ወረቀቱ ያንተ ነው?›› ሲሉት ‹‹አይደለም›› አለ። ‹‹ታዲያ ለምን አንተ ሥር ተገኘ?›› ሲሉት ዝም አለ። ቅጽ ሰጡትና ‹‹ፈርም›› አሉት፤ ፈረመ። በቅጹ ላይ ምን እንደ ተጻፈ ስጠይቀው አያስታውስም። ልጆቻችሁን ይህቺን አንድ ነገር አስተምሩልኝ፤ ሳያነቡ አይፈርሙ፤ ካነበቡም በኋላ ካልተስማሙ ከፊርማቸው በላይ ‹‹በዚህ አልስማማም›› ብለው በእጃቸው ይጻፉ። ይህን ማድረግ ድፍረት አይደለም። የቃሉንም ግልባጭ ይጠይቁ።

የፈረምኩት ቃለ ጉባኤ

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። ብዙ ዓመት ሆኖታል። በዶርም ውስጥ በተነሣ ድብድብ የተከሰሰ አንድ ተማሪ ነበር። ሁለት ጊዜ ጥሪ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈለት፤ አልመጣም። ሰብሳቢው ‹‹መከላከያ ስለሌለው ነው ያልመጣው›› አለ፤ እኛም ራሳችንን ነቀነቅን። በሌለበት ለሁለት ሴሚስተር አገድነው፤ እኔም ፈረምኩ። ከወር በኋላ ከገጠር ሲመለስ ነው ነገሩ የገባን። እናቱ ሞታ ለቀብርና ለለቅሶ ሄዶ ኖሯል፤ ማስታወቂያው በተለጠፈበት ሳምንት ግቢ ውስጥ አልነበረም። ለፕሮክተሩ ነግሮ ነበር የሄደው፤ ፕሮክተሩን ደግሞ የጠየቀው የለም። ‹‹ይግባኝ በል›› አልነው፤ ቀኑ አልፏል ተባለ። በዓመቱ ተመልሶ እንዲመዘገብ ስሙን ከሪአድሚሽን ዝርዝር ውስጥ ስፈልግ አጣሁት። አልተመለሰም። ዛሬም ድረስ ፊቱ አይጠፋኝም። ምናልባት በድብድቡ ጥፋተኛ ነበር፤ ምናልባትም አልነበረም። እኛ ግን አልጠየቅነውም።

ሳይጠይቁ መፍረድ ነውር መሆኑን ለማወቅ የሕግ ትምህርት አያስፈልግም ነበር። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዓሊን (ረ.ዐ.) ለዳኝነት ወደ የመን ሲልኩት ሁለተኛውን ወገን ሳይሰማ ለፊተኛው እንዳይፈርድ መምከራቸውን በመድረሳ ተምረናል። ኢብሊስ እንኳ ከመባረሩ በፊት ለምን እንዳልሰገደ ተጠይቋል። የሚገርመው፣ የእንግሊዝ ዳኞችም ከዚሁ ቦታ ደርሰዋል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቤንትሊ የሚባል ስመ ጥር ሊቅን ሳይሰማ ዲግሪዎቹን ነጥቆት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1723 ጉዳዩን የተመለከተው ፍርድ ቤት ዲግሪዎቹ እንዲመለሱለት አደረገ። ከዳኞቹ አንዱ የጠቀሰው የአደምን ታሪክ ነበር፤ ፈጣሪ ሁሉን እያወቀ አደምን ሳይጠይቀው ከገነት አላስወጣውም ብሎ።

በአሜሪካም ቢሆን የተማሪ የመሰማት መብት በሕግ የተከበረው ትግል ከተደረገ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በአላባማ ክፍለ ሀገር፣ በሞንትጎመሪ ከተማ፣ ጥቁር ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተከለለ የፍርድ ቤት ምግብ ቤት ገብተው ‹‹አስተናግዱን›› አሉ። የመንግሥቱ ኮሌጅ ዘጠኙን ያለ ክስ ደብዳቤና ያለ ማድመጥ አባረረ። ስድስቱ ከሰሱ። በዓመቱ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪን ከማባረሩ በፊት ጥፋቱን ሊነግረውና ሊሰማው ይገባል ብሎ ወሰነ። ዲክሰን የተባለው ይህ ፍርድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

በአገራችን የከፋው ነገር የጅምላ ቅጣት ነው። በ1996 ዓ.ም. የኦሮሚያ ዋና ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ መዛወሩን የተቃወሙ በመቶ የሚቆጠሩ የኦሮሞ ተማሪዎች ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸው ተቋርጧል። በ2012 ዓ.ም. በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከተገደሉ በኋላ ግጭቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ሲዛመትም በየዩኒቨርሲቲው ብዙ ተማሪዎች ታግደዋል፤ የተባረሩም አሉ። በደም የተነከረ እጅ ሊቀጣ እንደሚገባው አያከራክርም። ግን ግቢ ሲታመስ የሚጻፍ የስም ዝርዝር ብዙ ጊዜ በስሜት ይጻፋል፤ አብሮ የቆመውም ከመታው ጋር ይቆጠራል። እንዲህ ባለ ቀን ልጃችሁ የት እንደነበረ፣ ከማን ጋር እንደነበረ፣ ማን እንዳየው በዚያው ሌሊት ጽፎ ያስቀምጥ። ከወር በኋላ ትዝታ ይደበዝዛል።

ልጃችን ከሳሽ ስትሆን

አንዳንዴ ደግሞ የተበደለችው የእኛ ልጅ ናት። መምህር ወይም ተማሪ ተንኩሷት፣ ‹‹ስማችን ይጠፋል›› ብለን ዝም እናሰኛታለን። ዝምታችን የሚጠቅመው አጥፊውን ነው። የተላከላትን መልእክት ከስልኳ አታጥፋ፤ ቀኑንና ቦታውን ትጻፍ፤ በሥርዓተ ፆታ ቢሮው በኩል አቤቱታዋን በጽሑፍ ታስገባ፤ ቃሏን ስትሰጥም ሴት አባል እንድትገኝ ትጠይቅ። እናት አብራት ብትሄድ ነውር የለበትም።

የልብስን ነገር የምታነሡ ወላጆችም አላችሁ። የትምህርት ሚኒስቴር በ2000 ዓ.ም. ገደማ በትምህርት ተቋማት ስለ አለባበስና ስለ አምልኮ መመሪያ ካዘጋጀ ጀምሮ በየግቢው በር ላይ ብዙ ጭቅጭቅ ታይቷል። ምክሬ አጭር ነው። ከጥበቃው ጋር አትከራከሩ፤ ጥበቃው ደንብ አያወጣም። የተከለከለው ነገር በየትኛው ደንብ፣ በየትኛው አንቀጽ እንደ ተከለከለ በጽሑፍ ጠይቁ። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒጃብ የለበሱ ልጃገረዶች በተከለከሉ ጊዜ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ የእግድ ትእዛዝ ወጥቷል። ፍርድ ቤቱን ያንቀሳቀሰው በጽሑፍ የቀረበ አቤቱታ ነው።

ቅጣቱና የቅጣቱ ጅራት

ቅጣቱ ከቃል ማስጠንቀቂያ ተነሥቶ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ንብረት በማስከፈል፣ ከዶርም በማስወጣትና በሴሚስተር ወይም በዓመት እግድ በኩል አልፎ እስከ ፈጽሞ መባረር ይደርሳል። ወላጅ የሚያየው ቁጥሩን ነው፤ ‹‹አንድ ዓመት›› ይላል። ጅራቱን አያይም። የታገደ ተማሪ መጀመሪያ ክሊራንስ ይጨርሳል፤ ፍራሽ ይመልሳል፣ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ይመልሳል፣ መታወቂያውን ያስረክባል። ክሊራንስ ሳይዝ ጥሎ የሄደ በዓመቱ ሲመለስ በሩ ላይ ይጉላላል። የወጪ መጋራቱ ዕዳ እንዳለ ይቆያል። ዓመቱ ሲያልቅም ሬጅስትራሩ ራሱ አይጠራውም፤ የሪአድሚሽን ማመልከቻ በቀኑ ማስገባት አለበት። በዚህ መካከል የትምህርት ክፍሉ ኮርሶቹን ከቀየረ ከኋላው ከመጣው ባች ጋር ያላየውን ኮርስ ይወስዳል። አንድ ዓመት የተባለው እግድ ሁለት ሲሆን አይቻለሁ።

ስለዚህ ይግባኝ ቅንጦት አይደለም። የይግባኝ ማመልከቻ ሲጻፍ ብዙዎች የሚጽፉት ልመና ነው፤ ‹‹የድኻ ልጅ ነኝ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ›› ይላል። ይህ የምሕረት ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛ ሰው ውሳኔውን እንዲመረምር ምክንያት አይሰጠውም። ጥፋቱን ያመነ ልጅ ምሕረት ይጠይቅ፣ የቅጣት ማቅለያውንም ይዘርዝር። ያላመነ ግን ምን እንዳልተመረመረ ነው መናገር ያለበት።

ማመልከቻው ወደ መዝገብ ቤት ይሄዳል። በሁለት ግልባጭ ይወሰድ፤ አንዱ ገቢ ይሁን፤ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ተጽፎ ማኅተም ይመታበት፤ እርሱ ቤት ይቀመጥ። ‹‹ለጸሐፊዋ ሰጥቻታለሁ›› የሚል ማስረጃ የለም። የቀኑ አቆጣጠር የሥራ ቀን ይሁን ወይስ ተራ ቀን ደንቡን ማየት ነው፤ ካልታወቀ አጭሩን መያዝ።

የተቋሙ ይግባኝ አልቆ አሁንም በደል ካለ፣ በፌዴራል መንግሥት ሥር ባለ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩትን የሚጠቅም ሕግ አለ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የመንግሥት ተቋም ሰውን የሚጎዳ ውሳኔ ሲሰጥ ባለጉዳዩን እንዲሰማ፣ ውሳኔውንም ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል፤ በተቋሙ ውስጥ ያለው አቤቱታ ካለቀ በኋላም ውሳኔው በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲከለስ ማመልከት ይቻላል። የእምባ ጠባቂ ተቋምም የአስተዳደር በደልን ያያል፤ ገንዘብ አይጠይቅም። የክልል ኮሌጅና የግል ኮሌጅ ተማሪ ግን በዚህ አዋጅ አይመካ፤ የእርሱ መንገድ ሌላ ነውና ከኮሌጁ የበላይ አካል ይጀምር።

ያቺ ሐሙስ ማታ

ወደ ሐጂ እንመለስ። ደብዳቤውን አንብቤ ስጨርስ ያነሡት ጥያቄ ስለ ይግባኝ አልነበረም። ‹‹ልጄ ሌባ ነው ወይስ አይደለም? እሱን ንገረኝ›› አሉኝ። ‹‹ሐጂ፣ እርስዎ ጠይቀውታል?›› ስላቸው አንገታቸውን ደፉ። ደብዳቤው ከተገኘ ጀምሮ ልጁን ጮኸውበታል፣ ረግመውታል፤ አልጠየቁትም። በቤታቸውም ክሱ ከማድመጡ ቀድሟል ማለት ነው። እኔ የምፈርድባቸው ሰው አይደለሁም፤ ያን ቃለ ጉባኤ የፈረምኩ ነኝ።

አብረን ወደ ቤታቸው ሄድን። እናቲቱ ቡና አፈላች። ልጁ ከበሩ አጠገብ ቆመ። አባቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ‹‹ተቀመጥ። እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ›› አሉት። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም አለና ‹‹አባባ፣ ወረቀቱ የኔ አይደለም። ግን ፈታኙን ሰድቤዋለሁ›› አለ። ስድስት ቀን ሐይቅ ዳር ያስዋለው የመጀመሪያው ብቻ አልነበረም፤ ሁለተኛውም ነው። መስደቡን አባቱ ከሰሙ ወረቀቱም የእርሱ ነው ይላሉ ብሎ ፈርቷል።

በዚያች ሌሊት አንድ ገጽ ጻፍን። ጽሑፉ የልጁ ነው፤ እኔ ያጠፋሁለት ልመናውን ብቻ ነው። ወረቀቱ የተገኘው በሁለት ወንበሮች መካከል መሆኑን፣ የመቀመጫ ዝርዝሩ እንዲታይ፣ ሁለተኛው ፈታኝ ቃሉን እንዲሰጥ፣ የአጤሬራው የእጅ ጽሑፍ ከራሱ የመልስ ወረቀት ጋር እንዲተያይ ጠየቀ። በመጨረሻም መምህሩን መሳደቡን አምኖ ለዚያ ይቅርታ ጠየቀ። ይህን መጨረሻ ሐጂ እንዲወጣ ፈልገው ነበር፤ ‹‹በገዛ እጁ ክስ ይጨምራል?›› አሉ። ልጁ ‹‹ይኑር›› አለ። ዓርብ ጠዋት መዝገብ ቤቱ ሲከፈት ቀድመው የቆሙት አባትና ልጅ ነበሩ።

ከሁለት ሳምንት በላይ ወሰደ። ይግባኙን ያየው አካል ጉዳዩ እንደገና እንዲሰማ መለሰው። ሁለተኛው ፈታኝ ወረቀቱን ከመተላለፊያው ላይ እንዳየው፣ ማን እንደጣለው ግን እንደማያውቅ ተናገረ። ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አልተመሳሰሉም። እግዱ ተነሣ። ስለ ስድቡ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ እሱም በፋይሉ ውስጥ ይኖራል። የአንድ ወር ያህል ትምህርት አምልጦታል፤ አሁን ማታ ማታ የጓደኞቹን ደብተር ይገለብጣል።

ባለፈው ጁምዓ ሐጂን መስጊድ በር ላይ አገኘኋቸው። ሽማግሌዎቹ ‹‹መርጠኸን ሳትልከን ቀረህ›› ብለው ተቀይመዋቸዋል። እርቅ መፍጠር ነበረባቸው፤ ስለዚህ አራቱንም ቤታቸው ጠርተው በጉን ለእነሱ አረዱት።